«ሀገር ስጠኝ» ላለ ልጅ

የቪዲዮ ጨዋታ የወጣቱን ጊዜ የሚበላ፣ አእምሮውን የሚያደነዝዝና ከባህሉ የሚነጥል የባዕድ ሸቀጥ ነው የሚለው አስተያየት በስብሰባ አዳራሾች፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍሎችና በኪነ ጥበብ ሰዎች ወግ መካከል ተቃዋሚ ሳይገጥመው ሲዘዋወር ብዙ ዓመታት አስቆጥሯል። ከሸንጎ ወደ ሸንጎ በተላለፈ ቁጥርም አስተያየቱ የውሳኔ ሐሳብ፣ የውሳኔ ሐሳቡ ደግሞ የአፈጻጸም መመሪያ እየሆነ ሄዷል። በልዩ ልዩ ከተሞች በትምህርት ቤቶች አካባቢ «አዋኪ ድርጊት የሚፈጸምባቸው» እየተባሉ እንዲዘጉ ከሚዘረዘሩት ቤቶች መካከል፣ ከሺሻ ቤቱና ከጫት ቤቱ ጎን ለጎን፣ የፕሌይስቴሽን ቤት ተጽፎ ይገኛል። ዝርዝሩን ካዘጋጁት ሰዎች ውስጥ ግን ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ገብቶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ልጆቹ ምን እንደሚያዩና ምን ፍለጋ እንደሚመጡ ለማጥናት የሞከረ እጅግ ጥቂት ነው። ወጡን ሳይቀምሱ ጨው በዛበት ማለት ይኸው ነው።

«የቪዲዮ ጨዋታ» የሚለው አንድ ስም ብዙ ነገሮችን አጭቆ መያዙ ለስሕተቱ የመጀመሪያ ምክንያት ነው። «መጽሐፍ» የሚለው ቃል የጠንቋይ መጽሐፍንም፣ ልብ ወለድንም፣ የሒሳብ መማሪያንም እንደሚያጠቃልል ሁሉ፣ በአንድ መሣሪያ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታዎችም በዓይነት፣ በዓላማና በሚያሳድሩት ስሜት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በኢትዮጵያ ከተሞች እጅግ የተለመደው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። በአራት መስመር የታጠረ ሜዳ፣ ሁለት ቡድን፣ አንድ ውጤት፤ ከዚያ በኋላ ያው እንደገና። እዚህ ላይ ጉዳዩ የሆነው ግን «ክፍት ዓለም» የሚባለው የጀብዱ ጨዋታ ነው። በዚህኛው ተጫዋቹ አንድ ሰፊ ሀገር ይሰጠዋል። ሀገሩ ተራራና ወንዝ፣ መንደርና ገበያ፣ ሌሊትና ቀን፣ ዝናብና ፀሐይ አለው። ዋና ታሪክ ቢኖረውም ተጫዋቹ ታሪኩን ለጊዜው ትቶ ወደፈለገበት አቅጣጫ መሄድ ይችላል፤ ከሩቅ የሚታየው ኮረብታም ለጌጥ የተሣለ ሳይሆን የሚደረስበት ቦታ ነው። ደስታው የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ይኸውም «ከዚያ ማዶ ምን አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ ሄዶ፣ መልሱን በገዛ ዓይን ከማየት።

በዚህ ረገድ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ያወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ነው። ጨዋታው ሲጀመር አንድ ወጣት በዋሻ ውስጥ ከረጅም እንቅልፍ ይነቃል። ከዋሻው ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል፤ ከእግሩ ሥር ጠቅላላው ሀገር ተዘርግቶ ይታየዋል። «ሂድ» የሚለው እንጂ «በዚህ ብቻ ሂድ» የሚለው የለም። ሠሪዎቹ በሙያ ጉባኤዎች ላይ እንዳስረዱት የመሬቱ አቀማመጥ በሦስት ማዕዘን ቅርጾች ተነድፏል፤ መንገደኛው ፊት ለፊቱ ጉብታ ሲገጥመው «ልውጣው ወይስ ልዙረው?» ብሎ ይመርጣል፣ በየትኛውም ቢሄድ ከጉብታው ጀርባ ተሰውሮ የቆየ አንድ ነገር ብቅ ይልበታል፣ ወደዚያ ሲያመራም ሌላ ይታየዋል። ርቀቱን ለመመጠንም የሚኖሩባትን የኪዮቶ ከተማን ካርታ በጨዋታው መሬት ላይ አንጥፈው፣ ከአንዱ የታወቀ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄዱ እግራቸው የሚያውቀውን ድካም መለኪያ አድርገውታል። በዚህ ሀገር ውስጥ 900 ትናንሽ የጫካ መንፈሶች ከድንጋይ ሥር፣ ከዛፍ ጫፍ፣ ከኩሬ ዳር ተደብቀዋል። ከፊሎቹ ለተጫዋቹ ጥቅም ያስገኛሉ፤ 900ውንም አንድ ሳይቀር ፈልጎ ላገኘ ሰው የሚሰጠው የመጨረሻ ሽልማት ግን በወርቅ የተለበጠ የዓይነ ምድር ቅርጽ ነው! ሠሪዎቹ በዚህ ቀልድ ምን እንዳሉ ለመረዳት አያዳግትም፤ ከፍለጋው ሌላ ደመወዝ የጠበቀ ሰው ተሳስቷል።

የዚህ ተከታታይ ጨዋታ የመጀመሪያው ክፍል በ1986 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋነኛ ፈጣሪው የነበረው ሺገሩ ሚያሞቶ፣ ሐሳቡ የተፀነሰው ከኪዮቶ ከተማ ውጭ በምትገኘው በሶኖቤ፣ ልጅ ሳለ ጫካና ወንዝ ሲያስስ፣ ያገኘውንም ዋሻ ፋኖስ ይዞ ሲመረምር እንደነበር በተደጋጋሚ ተናግሯል። እንግዲህ «የከተማ ሥራ ፈቶች ሱስ» እየተባለ የሚወገዘው ነገር ሥሩ ሲፈተሽ የአንድ የገጠር ልጅ ውሎ ሆኖ ይገኛል። ይህን ማወቅ ለኢትዮጵያ መምህር ትርጉም ሊኖረው በተገባ ነበር፤ ምክንያቱም ያ ውሎ ከመምህሩ ከራሱ የልጅነት ውሎ የራቀ አይደለም።

ወደ አማርኛው የምድጃ ዳር ጨዋታ መለስ ሲባል ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። «እንቆቅልህ» ያለው ልጅ «ምን አውቅልህ» ከተባለ በኋላ ጥያቄውን ይጠይቃል። መላሹ ሲሸነፍ ጠያቂው ካሳ ይሻል። ካሳው ግን ገንዘብ አይደለም፤ በግ ወይም ቆሎም አይደለም። «ሀገር ስጠኝ» ነው የሚለው። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጠዋል፤ አሸናፊውም አይቶት የማያውቀውን ሀገር በሐሳቡ ሄዶ፣ በልቶና ጠጥቶበት፣ ተሸናፊውንም አሹፎበት ይመለሳል። ለልጆች ጨዋታ ከሽልማቶች ሁሉ የላቀ ሽልማት ሀገር ነው ብሎ የወሰነ ባህል፣ በመስተዋት ላይ ሀገር የሚሰጥ ጨዋታ ሲመጣ «ይህ ባዕድ ነው» ብሎ ሊደነግጥ አይገባውም ነበር። ባዕድ የሆነው የተሰጠው ሀገር ነው፤ ልመናው የቆየ ነው። ይህን ልዩነት አለማስተዋል የክርክሩን አቅጣጫ ሁሉ አሳስቶታል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በታቀፈው በከምባታ፣ በተለይም በዳምቦያና በዙሪያዋ ያደገ ልጅ የፍለጋን ደስታ ከማንም ሊማረው አያስፈልግም። ቀና ሲል ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጠው የሐምበሪቾ ተራራ አለለት፤ ወደ ምሥራቅ ሲያማትር መሬቱ ወደ ብላቴ ሸለቆ እየወረደ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። በመካከሉ ያለው የእንሰት ጓሮ ለእንግዳ ዓይን አንድ ወጥ አረንጓዴ ቢመስልም፣ በውስጡ ለሚያልፍ ሕፃን ቅጠሉ ከራሱ በላይ የሚያጠላበት፣ መንገዱ የሚሰወርበትና ድንገት በማያስበው ደጃፍ የሚያወጣው ጥቅጥቅ ያለ ዓለም ነው። ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ በበጋ የማይደርቀውን ምንጭ፣ ዝናብ ሲጥል የሚያንሸራትተውን ቁልቁለት፣ ሽማግሌዎች ያለ ምክንያት አትቅረቡት የሚሉትን ዛፍ ለይቶ ያውቃል። ይህ እውቀት በደብተር አይጻፍም፣ በፈተናም አይጠየቅም።

ይሁን እንጂ የልጁ መዋያ እየጠበበ መሄዱን ማንም አይክድም። ከምባታ በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ማሳው በውርስ እየተከፋፈለ ሲያንስ የግጦሽ መሬቱም አብሮ አንሷል፤ ልጁ ከብቱን ተከትሎ ከሚውልበት ሜዳ ይልቅ በክፍል ውስጥና በከተማ መንገድ ላይ የሚያሳልፈው ሰዓት በዝቷል። በተራራውም ላይ ቢሆን ወደ ጫፉ የሚያወጡ 777 ደረጃዎች ተሠርተዋል፤ ለጎብኚ ጥሩ ናቸው፣ ፎቶግራፍ ላይም ያምራሉ። ልጅ ግን፣ በተፈጥሮው፣ ደረጃ ሲያይ ከደረጃው ወጣ ብሎ ምን እንዳለ ለማየት ይቋምጣል። ዓለሙ በጠበበበት በዚህ ጊዜ አንድ መሣሪያ መጥቶ «እነሆ ሰፊ ሀገር፣ ሂድበት» ቢለው፣ ጥሪውን መቀበሉ የሥነ ምግባር ጉድለት ሊባል የሚችለው በየትኛው ሚዛን ነው?

ተቺዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ የሚያነሡት አንድ ጨዋታ አለ፤ ማንሣታቸውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ» በፕሌይስቴሽን 2ም በኮምፒዩተርም በኢትዮጵያ ከተሞች በሰፊው ተጫውተውታል፤ ዛሬ በእጅ ስልክም ይገኛል። ታሪኩ የወንበዴዎች ታሪክ ነው። መኪና መንጠቅ፣ ሰው መግደል፣ ጸያፍ ስድብ ሞልቶበታል፤ በምዕራቡ ዓለም ገበያ እንኳ ለሕፃናት አይደለም ተብሎ ምልክት ተደርጎበት የተሸጠ ነው። ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ የሚከፍት የጌም ቤት ባለቤት ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን ልጆቹ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ምን ሲያደርጉ እንደሚውሉ ትዕግሥት ኖሮት የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ብዙዎቹ «ሚሽን» የሚባለውን፣ ይኸውም የወንበዴውን ታሪክ የሚያስቀጥለውን ሥራ፣ ከመካከሉ ይተዉታል። የነጠቁትን መኪና ይዘው ከከተማ ይወጣሉ፤ ገጠሩን ያቋርጣሉ፤ በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ ከፍ የሚለውን የቺሊያድን ተራራ ይወጣሉ፤ ከጫፉም በብስክሌት ቁልቁል ይወርዳሉ። በጫካው ውስጥ አንድ ግዙፍ ጸጉራም ፍጡር ይኖራል የሚል ወሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ ተጫዋቾች መካከል ለዓመታት ሲናፈስ ኖሮ፣ ሠሪዎቹ የለም ቢሉም ፈላጊው አልቀነሰም። ከወንበዴነት ታሪክ ሸሽቶ ተራራ የሚወጣ፣ በሌለ አውሬ ፍለጋ ጫካ ለጫካ የሚዞር ልጅ፣ ከጨዋታው ውስጥ የትኛው ክፍል ለሰው ልጅ እንደሚጠቅም ከተቺዎቹ ቀድሞ ለይቷል ማለት ነው። እርሱ ስንዴውን ከእንክርዳዱ ሲለቅም መመሪያው አውድማውን በጠቅላላ ለማቃጠል ክብሪት ይጭራል።

ከዚህ ይልቅ ሊጠና የሚገባው የጌም ቤቱ የገቢ ሥርዓት ነበር። በአብዛኛው ክፍያው በግጥሚያ ነው። የእግር ኳስ ግጥሚያ በአጭር ጊዜ ያልቃል፣ ሁለት ሰው ያጫውታል፣ ተሸናፊው ይነሣል፣ ተረኛው ይቀመጣል፤ ለባለቤቱ ይህን የመሰለ ንግድ የለም። የክፍት ዓለም ጨዋታ ግን አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ሰዓት፣ ከአንድ ሳምንት ወደ ሌላው እያሸጋገረ የሚጫወተው ነው። የደረሰበትም ቦታ ተመዝግቦ መቆየት አለበት፤ በጋራ መሣሪያ ላይ ደግሞ ዛሬ ያስመዘገበውን ነገ ሌላው ይሽርበታል። መብራት ሲጠፋ የእግር ኳሱ ተጫዋች አንድ ግጥሚያ፣ ተጓዡ ግን አንድ ሙሉ መንገድ ያጣል። ስለዚህ ሰፊው የደሀ ልጅ በግጥሚያ ሲወሰን፣ ሰፊውን ዓለም ለብቻው የሚያስሰው መሣሪያውን በቤቱ ሊገዛ የሚችለው ወላጅ ልጅ ሆኗል። የኪነ ጥበብ ደስታ በኪስ አቅም ሲከፋፈል ዝም ብሎ፣ ደስታው ራሱ ነውር ነው እያሉ መስበክ ለካድሬ አያስከብርም። በነገራችን ላይ በእነዚህ ቤቶች ልጆቹ የሚመርጧቸው ቡድኖች ሁሉ የአውሮፓ ናቸው፤ ሐምበሪቾ ዱራሜ በ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲሰለፍ እንኳ በመስተዋቱ ላይ አልተገኘም። ይህን ግን ማንም «የባህል ወረራ» ብሎ ሲከራከርበት አይሰማም። የለመዱት ወረራ አያስደነግጥም።

ሌላም መደበላለቅ አለ። የስፖርት ውርርድ ቤት እና የጌም ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠሩ ይሰማሉ። በውርርድ ቤት ወጣቱ ገንዘቡን ያስይዛል፣ ይበላል፣ የተበላውን ለማስመለስ እንደገና ያስይዛል፤ ከዚያ በር የሚወጣው ባዶ ኪሱን ነው። የፍለጋ ጨዋታ የሚወስደው ጊዜን ነው፤ ጊዜም ዋጋ እንዳለው አያከራክርም፤ የቤት ሥራውን ሳይሠራ የሚመጣ ተማሪ ያስቸገረው መምህር ቅሬታው እውነተኛ ነው። ለዚህ መፍትሔው የሰዓትና የዕድሜ ገደብ ነው፤ በትምህርት ሰዓት መዝጋት፣ ለሕፃን የማይሆነውን ለሕፃን አለመክፈት። ገደብ ማበጀት ግን በየዕለቱ መከታተልን ይጠይቃል፤ ማሸግ አንድ ማኅተምና አንድ ጠዋት ብቻ ይበቃዋል። ምርጫው ወደየትኛው እንዳዘነበለ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ጉዳዩን የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ የማይቻልበት ምክንያት በሀድያና በከምባታ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና በዙሪያቸው ካሉት ወረዳዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት ብዛት ከታወቀ ቆይቷል። መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሌሎችም ሀገሮች የሚያልፍ የደላሎች መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ሲገኝ የሀገሪቱ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገልጾ ነበር። ወጣቱን ወደዚያ መንገድ የሚገፋው በመጀመሪያ ደረጃ የመሬት ጥበትና የሥራ እጦት ነው፤ ጨዋታ ስደትን ያስቀራል የሚል ቂል አይኖርም። ነገር ግን «እነዚህ ጨዋታዎች ናቸው ልጆቹን ሩቅ ሀገር የሚያስናፍቋቸው» የሚል ክስ ሲሰነዘር ይሰማልና ለዚህ መልስ መስጠት ግድ ይሆናል። የማያውቁትን ሀገር መናፈቅ ከመሣሪያው ዕድሜ በፊት የነበረ ነው፤ ደላላው አላስተማረውም፣ ይነግድበታል እንጂ። ደላላው የሚሸጠው ሀገር አንድ መንገድ ብቻ ያለው፣ ተመለስ የማይባልበት፣ ሲሳሳቱም እንደገና የማይጀመርበት ነው። ልጁ ሀገሩን ማሰስን፣ በሀገሩም መደነቅን የሚያስለምድ ነገር ከትምህርት ቤትም፣ ከመጽሐፍም፣ ከመድረክም ካላገኘ፣ «ከዚያ ማዶ ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄው መልስ ይዞ የሚጠብቀው ደላላው ብቻ ይሆናል። አዳራሽ ተሰብስቦ የጌም ቤትን ስም ከሺሻ ቤት ጋር የሚጽፍ ሰው ይህንን አስልቶ ይሆን?

መምህራንን በተመለከተ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 «አሳሲንስ ክሪድ፦ ኦሪጅንስ» የተባለ፣ በክሊዮፓትራ ዘመን በነበረችው ግብፅ ላይ የተመሠረተ የክፍት ዓለም ጨዋታ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ጨዋታ ውስጥ ጦርነቱንና ግድያውን አውጥቶ፣ ሀገሩን ብቻ አስቀርቶ፣ ተማሪው በእስክንድርያ መንገዶችና በፒራሚዶቹ መካከል እየተዘዋወረ ስለ ግብርናው፣ ስለ ቀብር ሥርዓቱና ስለ ዕለታዊ ኑሮው የሚማርባቸውን 75 ጉብኝቶች አዘጋጀበት። ይህ የሚያስቀና ሥራ ነው፤ የሚያስቆጭም ነው። የዓባይን ግርጌ በመስተዋት ውስጥ በጀልባ የቀዘፈ ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ ወንዙ የሚነሣበትን ደጋ በዚያው ጥራት የሚያይበት ጨዋታ አላገኘም። በክፍል ውስጥስ ምን ያገኛል? የወንዞች ርዝመት በቁጥር፣ የተራሮች ከፍታ በቁጥር፣ ለፈተና የሚሸመደዱ። ተራራን በቁጥር ብቻ የሚያስተምር መምህር ከተራራ ጋር የሚያጫውት መሣሪያ ላይ ሲቆጣ፣ ቁጣው ከቅናት የጸዳ መሆኑን ራሱን ቢጠይቅ አይከፋም።

የክፍት ዓለም ጨዋታ ሁሉ የተባረከ ነው ማለት ግን አይደለም። ብዙዎቹ፣ የዚሁ የዩቢሶፍት ሥራዎች ጭምር፣ ካርታውን በምልክት ሞልተው፣ እዚህ ሣጥን አለ፣ እዚያ ጠላት አለ፣ ይህን ያህል ከመቶ አጠናቅቀሃል እያሉ ተጓዡን ወደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይለውጡታል። ከፍተኛ ማማ ላይ ወጥቶ አካባቢውን በአንድ ጊዜ «መግለጥ»፣ ከዚያ የተገለጠውን በዝርዝር ማወራረድ ነው ሥራው። ይህን ዓይነቱን ጨዋታ የሩብ ዓመት የዕቅድ ክንውን ሪፖርት ያዘጋጀ ሰው ሁሉ በደንብ ያውቀዋል፤ 73 ከመቶ ተከናውኗል፣ ቀሪው በሚቀጥለው ሩብ ዓመት። ፍለጋ ማለት አለማወቅን መታገሥ ነው። የሚፈለገው ነገር ያለበት ቦታ አስቀድሞ በቀይ ነጥብ ከተመለከተ የቀረው መላላክ ነው። እንግዲህ እውነተኛ ሒስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር፤ የኪነ ጥበብ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው በሙያ ቋንቋ ለይቶ ለወጣቱ ማስረዳት ሲገባው፣ ሒሱን ለጸጥታ አስከባሪ ትቶታል።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚቀርበው ወቀሳ ከሁሉ ይበልጣል። ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ድራማ፣ ሥነ ቃልና የቤት አሠራር ጥበብ በአንድነት የሚሰለፉበት ይህን የመሰለ መድረክ ተከፍቶ ሳለ፣ የባለሙያው አስተዋጽኦ መሣለቅ ብቻ ሆኗል። «እኛ ትንሽ ነን፣ ይህ የታላላቅ ሀገሮች ሥራ ነው» የሚለውም ሰበብ አያስኬድም። በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው ኒው ካሌዶኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ ከ300 ሺህ ያነሰ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው ቆጠራ የያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን ብቻውን ከ600 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። ከዚያች ደሴት የተወለዱ ሁለት ወጣቶች ያቋቋሙት አዋሴብ የተባለ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2023 «ቺያ» የተባለ የክፍት ዓለም ጨዋታ አወጣ። አንዲት ልጃገረድ በደሴቶች መካከል በጀልባ ትጓዛለች፣ ዛፍ ትወጣለች፣ ነፍሷን ወደ ወፍና ወደ ድንጋይ እያዛወረች ሀገሯን ታስሳለች። ምግቡ፣ ዘፈኑ፣ ቤቱ የደሴቲቱ ነው፤ በሚሰማውም ንግግር ውስጥ ድሬሁ የተባለው የአካባቢው ቋንቋ አለበት፤ ድምፃቸውን የሰጡትም የሀገሩ ልጆች ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጨዋታው በዘርፉ ትልቁ በሆነው ዓመታዊ ሽልማት ላይ ለኅብረተሰብ ፋይዳ ባላቸው ሥራዎች ምድብ ተሸልሟል። እርግጥ ነው፣ ስቱዲዮው በካናዳ በሞንትሪያልም የሚሠራ ሲሆን፣ ገንዘቡም በደሴቲቱ ብቻ የተገኘ አይደለም። መሬቱን፣ ዜማውንና ቋንቋውን ግን ሞንትሪያል አልሰጠውም።

በኢትዮጵያም ጅምር አልጠፋም። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» በሚል ስም ዶሮ ከአሳዳጅ የምታመልጥበትን የእጅ ስልክ ጨዋታ፣ ከዚያም «ገበጣ»ን ሠርቶ አሳይቷል። ስሙን ከልጆች ድብብቆሽ የወሰደ ጨዋታ ሕዝብ እንደሚቀበለው ከታየ፣ የሚቀጥለው ርምጃ ልጆቹ የሚደበቁበትን ሀገር መሥራት ነው። ለዚህም ሐምበሪቾን የመሰለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። አንድ ተራራ፣ በዙሪያው እንሰት፣ ከሥሩ ሸለቆና ወንዝ፣ በዓመት አንድ ጊዜ መንደሩን ሁሉ የሚቀይር የመሳላ በዓል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? በትንሹ መጀመርም ይቻላል። አንድ መንደር፣ አንድ ቁልቁለት፣ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ፤ በእጅ ስልክ የሚከፈት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪ፣ የዱራሜ ሠዓሊና የዳምቦያ ሽማግሌ አብረው ሊሠሩት የሚችሉት። የባህል ቢሮ ለአንድ የአዳራሽ ፌስቲቫል ከሚያወጣው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ለሦስት ወጣቶች ሁለት ኮምፒዩተር ቢገዛ በዓሉ ላይ የሚጎድለው ጥቂት ባነር ብቻ ነው።

የሚያከራክረው ነገር አብሮ መነሣቱ አይቀርም፤ ይነሣም። በተራራው ላይ ለአባቶች የተከበረ ቦታ አለ፣ እሱን ለመጫወቻ ማድረግ ይገባል ወይ? ይህ ጥያቄ የሚፈታው ከባለቤቶቹ ጋር ተቀምጦ ነው፤ ያልተፈቀደው ቦታ በጨዋታውም ውስጥ ጭጋግ ይልበስ፣ ተጫዋቹም ከዳር ቆሞ ይመለስ። ልጅ የማይገባበት ቦታ እንዳለ ማወቅም የሀገር እውቀት ነው። የቤቱ አሠራር በየትኛው ዘመን ይሁን፣ ሣር ወይስ ቆርቆሮ? ሠዓሊዎቹ ይከራከሩበት። ገበያው በየትኛው ቀን ይቁም፣ ነጋዴው ከሀድያ ሲመጣ በምን ቋንቋ ይደራደር? የሥነ ቃል ባለሙያ ይጠየቅበት። ቋንቋውን በተመለከተ ግን ከወዲሁ መወሰን ይቻላል፦ መንገድ የጠፋበትን ተጫዋች ከእንሰቱ መካከል ብቅ ብላ የምታቀናው አሮጊት በከምባትኛ ትናገር፤ አማርኛው ከመስተዋቱ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ለሚያስፈልገው ሰው ይጻፍለት።